«አራት አገር ብቻ?»፦ የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከቡሬ ሲታይ

ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ ቡሬ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። ኢትዮጵያ ያውንዴ ላይ ካሜሩንን የምትገጥምበት ቀን ነው። አግዳሚው ሞልቶ ልጆቹ መሬት ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። የቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ የመግቢያውን ብር እየተቀበለ በአንገቱ በኩል ቴሌቪዥኑን ያያል። ዳዋ ሆጤሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ ሲያገባ ቤቱ ተናወጠ፤ የማላውቀው ሰው አቀፈኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ 4 ለ 1 ተሸነፍን። ሰው መውጣት ሲጀምር ከጎኔ የነበሩ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አባት «እኛ እኮ ይሄን ዋንጫ በልተነዋል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከፊታችን የነበረ ተማሪ ዞር ብሎ በአክብሮት፣ ግን ሳያመነታ መለሰላቸው፦ «ጋሼ፣ እሱ እኮ አራት አገር ብቻ የተጫወተበት ነው።» አባትየው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጁ የተናገረው የራሱን ብቻ አይደለም። በፍኖተ ሰላም ካፌዎችም፣ በማንኩሳና በደምበጫ ገበያ ቀንም፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተነሳ ቁጥር ያው ነገር ይመለሳል፦ አገሮቹ ጥቂት ነበሩ፣ ሜዳው የራሳችን ነበር፣ አየሩ ግብጾችን አደከማቸው። እነዚህን አንድ በአንድ መመርመር ይገባል። ከአገራችን ብቻ ብንነሳ ግን ነገሩ ስለማይገለጥ፣ መጀመሪያ ራቅ ብለን ወደ ደቡብ አሜሪካ እንሂድ።

ሐምሌ 1908 ዓ.ም. ላይ አርጀንቲና የነጻነቷን መቶኛ ዓመት ስታከብር ሦስት ጎረቤቶቿን ለኳስ ጠራች፦ ኡራጓይን፣ ብራዚልንና ቺሊን። ከባለቤቷ ጋር አራት አገር። ውድድሩ በነጥብ ስለነበር ፍጻሜ ተብሎ የተሰየመ ጨዋታ አልነበረውም፤ ነገር ግን የመጨረሻው የአርጀንቲናና የኡራጓይ ግጥሚያ ዋንጫውን የሚወስን ሆነና ቦነስ አይረስ በሙሉ ወደ ሜዳው ተመመ። ሕዝቡ ከሜዳው አቅም በላይ ሆኖ ጨዋታው ተቋረጠ፤ የእንጨት መቀመጫዎቹም በእሳት ጋዩ። በማግስቱ አቬያኔዳ በሚገኘው የራሲንግ ሜዳ ተጫውተው 0 ለ 0 ወጡ፤ አቻው የሚበቃት ኡራጓይ አሸነፈች። በዚያው ውድድር መካከል ነው አራቱ አገሮች ተሰብስበው ዛሬ ኮንሜቦል የምንለውን የአህጉሩን ማኅበር የመሠረቱት። ኡራጓይ ዛሬ 15 የኮፓ አሜሪካ ዋንጫ አላት ሲባል ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሞንቴቪዴዮ ውስጥ «አራት አገር ብቻ ነበር» ብሎ አንዱን የሚቀንስ የለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ብራዚል ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ1918 ለማዘጋጀት ተነስታ ሳለ የእኛ አባቶች የኅዳር በሽታ ያሉት ያ ወረርሽኝ ሪዮ ዴ ጃኔሮን መታትና ወደ ቀጣዩ ዓመት ተላለፈ። ኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው፣ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ የሚታሰበው በሽታ ማለት ነው። ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም. ብራዚልና ኡራጓይ እኩል ነጥብ ይዘው ለመለያ ተገናኙ። 90 ደቂቃው ያለ ጎል አለቀ። 30 ደቂቃ ተጨመረ፤ አሁንም ጎል የለም። ሌላ 30 ደቂቃ ተጨመረ። በ122ኛው ደቂቃ አርቱር ፍሪደንራይሽ አገባና 150 ደቂቃ የፈጀው ጨዋታ 1 ለ 0 አለቀ። ፒሺንጊንያ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ሰው ለዚያች አንዲት ጎል «1 ለ 0» የሚል ሥራ ደረሰላት፤ ብራዚላውያን ዛሬም ይጫወቱታል። የኡራጓዩ በረኛ ሮቤርቶ ቼሪ ግን በዚያው ውድድር ከቺሊ ጋር ሲጫወት በደረሰበት ጉዳት ፍጻሜው ባለቀ ማግስት ሞተ። በአራት አገር ውድድር ውስጥ የሰው ሕይወት ሳይቀር ነበረበት።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ መነሻው ከዚህም ያነሰ ነው። የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፤ የእኛን ወገን ይዘው ከተገኙት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። በዕጣ የደረሰችው ለኢትዮጵያ ስለነበር፣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። እዚያም ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ በሚል ስም የሚታወቀው አጥቂ ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በድጋሚ 4 ለ 0 ተሸነፍን። እንግዲህ ልጁ የጥቂት አገሮችን ነገር ሊያነሳብን ከፈለገ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ቢያነሳ ያምርበታል፤ የተሸነፍንባቸው ናቸውና።

በ1954ቱ ላይ ሲነሳ ግን ጥያቄው ራሱ ስሕተት አለበት። አዲስ አበባ የተገናኙት አራት አገሮች ናቸው፤ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት የተጫወቱት ግን ከዚያ በላይ ናቸው። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ማጣሪያ የተደረገበት የመጀመሪያው ውድድር ይኸው ነበር። ኢትዮጵያ አዘጋጅ፣ ግብጽ የዋንጫው ባለቤት በመሆናቸው በቀጥታ ገቡ። ዩጋንዳ ኬንያን ጥላ መጣች። ጋናና ናይጄሪያ እኩል ሆነው በዕጣ ናይጄሪያ አለፈች፤ እሷን ደግሞ ቱኒዚያ አስቀረቻት። በዕጣ የቀረችው ጋና ቀጣዮቹን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች ተከታትላ የበላች አገር ናት። ለዚያ ተማሪ ያኔ ልነግረው የሚገባኝ ይህን ነበር፤ ማጣሪያ ያለበት ውድድር በመጨረሻው ዙር በቀሩት አገሮች ብቻ አይቆጠርም።

ጨዋታው የተካሄደበትን ሳምንት የጎጃም ሰው አስቦት አያውቅም እንጂ በደንብ ያውቀዋል። ውድድሩ የተከፈተው ጥር 6 ቀን ነው፤ ገና ካለፈ ልክ ሳምንቱ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብጽ ዩጋንዳን 2 ለ 1 የረታችው ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ በሚወርዱበት ዕለት ነው። ቱኒዚያ ለሦስተኛነት ዩጋንዳን 3 ለ 0 ያሸነፈችው በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12። ፍጻሜው እሁድ ጥር 13። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናንና በወምበርማ ሰው የጥምቀት ልብሱን ገና ሳያወልቅ፣ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም 30 ሺህ ገደማ ሕዝብ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ተቀምጧል።

ግብጾች በዚያን ጊዜ የሚጫወቱት የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ነው። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አብደል ፈታህ አገባ። እረፍት ወጡ፤ 1 ለ 0። ሁለተኛው አጋማሽ ረጅም መንገድ ሄዶ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ጩኸቱን ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደቂቃ ያው በደዊ መልሶ አገባ። ይህቺ አንዲት ደቂቃ ናት ለእኔ የዚያ ቀን ልብ። ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 በቀጣ ቡድን ፊት፣ አቻ ሆኖ በደቂቃ ውስጥ መልሶ መመራት ማንኛውንም ጉልበት ያዝላል። እነዚያ ልጆች ግን አልዛሉም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። ጭማሪው 30 ደቂቃ ተጀመረ። በ101ኛው የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን አገባ፤ ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መራች። በ117ኛው ደቂቃ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመረ። 4 ለ 2። መንግሥቱ በሁለቱ ጨዋታዎች ሦስት ጎል አግብቶ ከበደዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አምበሉ ወደ ላይ ወጥቶ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

«ሜዳው የራሳችን ነበር፣ አየሩ ረዳን» የሚለውን ክርክር ፈጽሞ አልጥለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከካይሮ ለመጣ ተጫዋች ጭማሪው 30 ደቂቃ እንደ ዳገት ነው። ሁለቱ የመጨረሻ ጎሎች የገቡትም በዚያ ሰዓት ነው። ብራዚልም በ1911 ያሸነፈችው በሪዮ፣ በገዛ ሜዳዋ ነው። ነገር ግን ከፍታ ዋንጫ የሚያበላ ከሆነ በ1960 ዓ.ም. አዘጋጅተን አራተኛ ስንወጣ፣ በ1968 ዓ.ም. አዘጋጅተን ከምድባችን ሳናልፍ ስንቀር አዲስ አበባ ወደ ቆላ ወርዳ ነበር? ከፍታው ያው ነው፤ ቡድኑ ነው የተለየው። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ቁርጥ ነው፦ አየሩ አግዟል፣ ያሸነፉት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው።

እነማን ነበሩ ተጫዋቾቹ? ይህ የነገሩ ሁሉ ዋና ይመስለኛል። ሪዮ ላይ ያቺን ጎል ያገባው ፍሪደንራይሽ አባቱ የጀርመን ዘር፣ እናቱ ጥቁር ብራዚላዊት ናት፤ የተወለደው ባርነት በአዋጅ ከቀረ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀደም ብሎ በ1908 ኡራጓይ ቺሊን 4 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ኢሳቤሊኖ ግራዲንና ሁዋን ዴልጋዶ በመሰለፋቸው ቺሊዎች «አፍሪካውያን አሰለፉብን» ብለው አቤት አሉ ይባላል። ግራዲን ከአራቱ ሁለቱን ያገባ ነው። ያ አህጉር የራሱን ልጆች ገና አልተቀበለም ነበር፤ ሰው ቆሞ እንዲያጨበጭብላቸው ያደረገው ዋንጫ ነው።

አሁን ሉቻኖ ቫሳሎን እንየው። አሥመራ ተወለደ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር። ለድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካም ተጫውቷል። ከጓደኞቹ ብዙዎቹም የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ይህንን ስም ከቡሬ ላይ ሆኖ መስማት ሌላ ትርጉም አለው። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠው ቡሬ ነው፤ የካቲት መጨረሻ ላይ ለቆ የወጣውም ከዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ በኩል አቋርጠው፣ ቡሬንና ደብረ ማርቆስን አልፈው ነው አዲስ አበባ የደረሱት። ከዚያ ዕለት በኋላ በ21 ዓመት ከአንድ ቀን፣ ያው ንጉሥ፣ ጣሊያናዊ ስም ላለው ኢትዮጵያዊ አምበል የአፍሪካን ዋንጫ ሰጡ። የቡሬ አርበኛ በጠመንጃ ካባረረው ጦር የአንዱን ወታደር ልጅ አገሪቱ «የእኔ ነው» ብላ ፊት አስቀደመችው። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ዓይኔ እንባ ያቀራል፤ ለምን እንደማንናገረውም አይገባኝም። ሉቻኖ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር በጣሊያን አገር አረፈ። መንግሥቱ ወርቁ ቀድሞት በ2003 ዓ.ም. ተለይቶናል።

በዚያ ዘመን የምዕራብ ጎጃም ገጠር ኳስ አያውቅም ነበር ቢባል ሙሉ እውነት አይሆንም። የእግር ኳስ አያውቅ ይሆናል እንጂ ገናን ያውቃል። ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተከፍሎ፣ ጫፉ የጎበጠ ዱላ ይዞ ሩሩን እያሳደደ ሲመታ የሚውል ገበሬ፣ ጎል ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ጌታውም ሎሌውም በአንድ መስክ የሚጋፉበት፣ ምት ቢያገኝህ የማትቆጣበት ጨዋታ ነው። የእግር ኳስ በሌላ መንገድ መጣ። በሞንቴቪዴዮ የእንግሊዝ ባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው ዛሬ ፔኛሮል የሚባለውን ክለብ መሠረት የጣሉት። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከነጻነት በኋላ በ1936 የተደረገው የመጀመሪያው ውድድር አምስት ቡድኖች ነበሩት፤ ከጊዮርጊስ በቀር ያሉት የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የጣሊያኖችና የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ናቸው። ባቡር ያልደረሰበት ጎጃም ግን ኳስን ከትምህርት ቤት ነው የተማረው።

ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ከጥር በኋላ በማንኛውም ቀን የታጨደ የጤፍ ማሳ ያየ ሰው የማወራውን ያውቃል። አሮጌ ካልሲ በጨርቅና በፌስታል ይጠቀጠቃል፤ አፉ በሲባጎ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል፤ ከዚያ ዙሪያውን እንደ ድር ይጠመጠማል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ከድንጋዩ በላይ ያለፈች ኳስ ጎል ትሁን አትሁን የሚፈረደው በጩኸት ነው። በረኛው ከብቶቹን ሊመልስ ሲሮጥ ጨዋታው አይቆምም። ከክረምቱ ጋር መስኩ ይታረሳል፤ ልጆቹም እስከ ቀጣዩ ጥር ሜዳ የላቸውም። የወል ግጦሹ በየዓመቱ እየጠበበ ሲሄድ ከከብቱ እኩል የሚጎዳው ይህ ልጅ ነው። ስለ ኳሳችን ውድቀት ሲወራ ስለ አሠልጣኝና ስለ ፌዴሬሽን ብዙ ይባላል፤ ስለዚህ መስክ ግን የሚናገር አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ ምን አደረግን የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ የሚያምም ነው። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን። በ2005 ዓ.ም. ሰውነት ቢሻው ይዘውት የሄዱት ቡድን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲወጣ አዳነ ግርማ ያገባትን ጎል ያየ አይረሳትም፤ ከምድቡ ግን አላለፍንም። በ2014ም እንዲሁ። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፍናት፤ ዳዋ ሆጤሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። በወረቀት የሜዳችን ጨዋታ ነበር። የተጫወትነው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላጣን። ባሕር ዳር እንኳ ታግዳ ነበር። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ 15 ዓመት የመሩት ኮንፌዴሬሽን ነው ይህን ያለን፤ መስፈርቱም ትክክል ነው። ልጁ «አራት አገር ብቻ» ያለው ያ ጨዋታ ከመደረጉ በፊት ቢሆንም፣ ከቃሉ በስተጀርባ የነበረው ይህን የመሰለ ኀዘን ይመስለኛል። አባቶቹ በገዛ ሜዳቸው ያሸነፉትን ቡድን እሱ በገዛ ሜዳው ሊያይ አልቻለም።

ዋንጫው ራሱ አዲስ አበባ የለም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፣ በኮንፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በአብደል አዚዝ አብደላህ ሳሌም ስም የተጠራው፣ ሦስት ጊዜ ላሸነፈ ለዘለዓለም ይሰጥ ስለነበር በ1970 ዓ.ም. ጋና ወሰደችው። እኛ ዘንድ የቀረው የሰው ትዝታ ነው፤ እሱም ጊዜው አጭር ነው። በ1954 ዕድሜው 20 የነበረ ሰው ዛሬ 80ውን አልፏል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫ፣ በሽንዲ ወይም በሰከላ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ወታደር ወይም ተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ የነበረ አባት፣ አያት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁት። ስታዲየም ገብቶ እንደሆነ፣ በ75ኛው ደቂቃ ምን እንደተሰማው፣ ማታ ሰው እንዴት ወደ ቤቱ እንደሄደ ይንገራችሁ። በስልካችሁ ድምፁን ቅዱት፤ የቆየ ፎቶግራፍም ካለው ጀርባው ላይ ስምና ቀን ጻፉበት። በቡሬው ዲኤስቲቪ ቤት ከጎኔ የነበሩትን አባት ያን ማታ አልጠየቅኋቸውም፤ ከዚያ በኋላም አላገኘኋቸውም።